ወንድሜና ቁልፍ የሌለው በር

ታላቅ ወንድሜ ሰው አያምንም። ይህን ስል እያማሁት እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊቱም እለዋለሁ፣ እሱም «ታዲያ ማንን ልመን?» ብሎ አፌን ያስይዘኛል። ጎረቤት «እንደምን አደሩ» ሲለው፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሰውየው ምን ፈልጎ እንደሆነ ያስባል። ዳቦ ሲገዛ ከላይ ያለው የትናንት ነው ብሎ ከሥር ይመዛል። በኋላ ደግሞ ዳቦ ሻጩ ይህን ነቅቶበት የትናንቱን ከሥር ማድረግ ጀምሯል አለና አሁን ከመሃል ነው የሚያወጣው። ዳቦ ሻጩ ምስኪን ነው፤ ስለዚህ ሁሉ ጉድ የሚያውቀው ነገር የለም።

እንዲህ ያደረገው ሥራው ይመስለኛል። ዕድሜ ልኩን ቁልፍ ሠሪ ነበር። ከገበያው ጀርባ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ ነበረችው፤ ግድግዳዋ ገና ባልተቀረጹ ቁልፎች የተሸፈነ፣ ወለሏ በነሐስ ብናኝ ቢጫ የሆነ። ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፣ የመጣውም ሁሉ «የቤቱ ባለቤት ነኝ» ይላል። ወንድሜ ታዲያ የማንንም በር ከመክፈቱ በፊት ደንበኛውን ደጁ ላይ አቁሞ ይጠይቀዋል። «ከበሩ ኋላ ምን አለ? አልጋው በየት በኩል ነው? ወንበሩ ላይ ምን ተሰቅሏል?» መልሱን ከሰማ በኋላ ይከፍትና አንገቱን አስግጎ ያያል። ካልገጠመለት መልሶ ይቆልፈዋል። አንዱ አዲስ ሙሽራ ሚስቱ አልጋውን ማዞሯን ሳያውቅ ቀርቶ፣ እሷ ከሥራ እስክትመጣ ድረስ የገዛ ደጁ ላይ ተገትሮ ውሏል።

እንዲህ ያለ ሰው የራሱን ቤት በር እንዴት እንደሚዘጋ እናንተው ገምቱት። ሰፈሩ «ሰባት ቁልፍ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እሱም ስሙን አይጠላውም።

ቤቱ ሐይቁ ዳር የነበረች አሮጌ የእንጨት ቤት ናት። ከሚስቱ ጋር ገና በወጣትነታቸው ገዝተዋት አንዲት ሴት ልጃቸውን አሳደጉባት፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚስቱም እዚያው አረፈች። ዝናብ ሲበዛ ውሃው ወለሉ ሥር ገብቶ ሲንቦጫረቅ ይሰማ ነበር። ቤቷ ወደ ሐይቁ ዘመም ስላለች፣ ማእድ ቤት ውስጥ የወደቀ ሽንኩርት የሚፈለገው ጥጉ ጋ ነው፤ ራሱ ተንከባሎ እዚያ ይጠብቃል።

ልጁ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከተማ መሃል ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን መጣችና፣ «አባዬ፣ ይቺ ቤት እላይህ ላይ ልትወርድ ነው። እናፍርሳትና ሁላችንም የምንኖርበት ሰፊ ቤት እንሥራ» አለችው።

«ሁላችንም ማለት እነማን?» አላት።

«እንዴ! እኛና አንተ ነና!»

ጉድ ፈላ። ያንን «እኛና አንተ» ስንት ቀን እንዳብላላው እኔ ነኝ የማውቀው። «ልብ በይ» ይለኛል፤ «እኛ ብላ ጨርሳ ነው አንተ ያለችው። እኔን ለብቻዬ ነው ያስቀመጠችኝ።» በመጨረሻ እሺ ያለውም ልጁ አሳምናው አይደለም። አንድ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ የወለሉ ጣውላ ተሰብሮ እግሩ እስከ ጉልበቱ ስለገባ ነው።

ቤቷ ከመፍረሷ በፊት ጓጉንቸሩን፣ መቀርቀሪያውን፣ መሸጎሪያውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈቶ በጆንያ ሞላና እኔ ቤት አመጣው። ራሱም አብሮ መጣ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ያለኝ ሁለት ክፍል ነው፣ አንደኛውን የስፌት መኪናዬና የጨርቅ ጥቅሎቼ ይዘውታል። ጆንያውን ምድጃዬ ሥር ወሸቀው፣ እሱ ከጨርቆቹ መሃል አልጋ ዘረጋ። ከዚያ በሥራዬ መጣብኝ። «መጋረጃ የሚመቸው ለሌባ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ውጭ የቆመውን አያየውም» ይላል፣ ደንበኞቼ ፊት። በሬን ደግሞ ከተኛን በኋላ ስንቴ ተነስቶ እንደሚፈትሸው አልነግራችሁም። ያው ለጊዜው ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ሐይቁ ዳር ሥራው ሲጀመር እሱም ሥራ ጀመረ። በየቀኑ ብሎኬት ክምሩ ላይ ተቀምጦ ግንበኞቹን ይጠብቃል። ፎርማኑ «አባባ፣ ፀሐይ መታዎት፣ ጥላው ጋ ይሁኑ» ሲለው፣ «ከዚያ ምን እንዳላይ ነው?» ይለዋል። አናጢው ካፏጨ ለማን ምልክት እየሰጠ ነው፤ ዝም ካለ ምን እያሰበ ነው። እኔ አንዳንዴ ውሃ ይዤለት ስሄድ፣ ሐይቁ ላይ ያሉትን ዳክዬዎች ሳይቀር በጎን ዓይኑ ሲከታተል አገኘዋለሁ።

ቤቱ ጣሪያ ለበሰ። በዚያው ሰሞን ልጁ፣ «አባዬ፣ ስለ ቁልፍ አታስብ፣ ሁሉንም ከበሮቹ ጋር አዘናል» አለችው። እስቲ አስቡት፣ ቁልፍ ሠሪ አባት እያላት! ወንድሜ እኔ ቤት ድረስ በእግሩ መጣ። ያን ቀን እራቱንም አልነካ።

በሮቹ በመኪና ተጭነው ሲመጡ ገና ሳይወርዱ ሊያያቸው ወጣ። ሁሉም ላይ ለቁልፍ የሚሆን ቀዳዳ ተፈልፍሏል። አንዱ ላይ ግን የለም። እሱም ታች ያለው፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ የሚያየው ክፍል በር ነው። ማጠፊያ አለው፣ እጀታ አለው፣ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ግን የለውም፤ በውስጥም በውጭም ልሙጥ ነው። ተረስቶ እንደሆነ አናጢውን ጠየቀ። «ኧረ አባባ፣ ሆን ተብሎ ነው የታዘዘው» አለው።

ማታ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለን፣ «አንቺ፣ ቁልፍ የማይገባለት በር የምን በር ነው?» አለኝ።

«የዕቃ ቤት ይሆናላ።»

«ሰው የማያድርበት ክፍል ነው። ሽንት ቤት እንኳ ቁልፍ አለው። አሁን አስቢው፤ ላይ ያሉት መኝታ ቤቶች የእነሱና የልጆቹ ናቸው። ታች ሳሎን፣ ማእድ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ይኼ። የእኔ የታል?»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ፣ ጥርጣሬው በደሜ አለ። ልጅቷ ለአዲሱ ቤት መስኮቶች ሁሉ መጋረጃ እንድሰፋ ልኬት ሰጥታኝ ነበር። የዚያን ክፍል ስጠይቃት ግን፣ «እሱን ተዪው አክስቴ፣ እዚያ መጋረጃ አያስፈልግም» ብላኛለች። ይህንን ነገርኩት። በእኔ ሙያ ደግሞ መጋረጃ የማያስፈልገው ክፍል ማንም ልብሱን የማይቀይርበት ክፍል ነው።

«ቁልፍም የለው፣ መጋረጃም የለው» አለ ወንድሜ። ፊቱ ጠቆረ። መሬቱ የእሱ ነው፣ የፈረሰችውም ቤት የእሱ ነበረች። አሁን የሚፈልገው በዚያ ቤት ውስጥ ጎኑን የሚያሳርፍበት አንድ ክፍል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሄዶ «የእኔ የትኛው ነው?» ማለት ግን ሞቱ ነው። «የገዛ መሬቴ ላይ ክፍል ልለምን?» አለኝ። አንጀቴን በላው። ለራሴም ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ፤ እዚያ ቦታ ከሌለው እኔ ጋ ሊቀር ነው።

በማግስቱ አማቹን ያዘው። አማቹ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ጨዋ። ወንድሜን የሚያጠራጥረውም ይኸው ጨዋነቱ ነው። በሩ ፊት አቆመውና እንደ ደንበኛ ጠየቀው።

«ከዚህ በር ኋላ ምን ሊሆን ነው?»

«እ… እሱን እንግዲህ እሷ ናት የምታውቀው፣ አባባ።»

«አልጋ ይገባበታል?»

«ይገባል… መሰለኝ።»

«ቁልፍስ ለምን የለውም?»

አማቹ ግንባሩን ጠረገ፣ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። «እሷን ቢጠይቋት ይሻላል» አለና ግንበኛ የጠራው ይመስል ሹልክ አለ።

«ደንበኛ ቢሆን አልከፍትለትም ነበር» አለኝ ወንድሜ ሲመጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከምድጃው ሥር ጆንያውን ጎተተ። ሲያንኳኳና ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ ከባድ ቁልፍ መረጠ። «እገጥምበታለሁ። መክፈቻው ኪሴ ከገባ ክፍሉ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ የዕቃ ቤት ነው የምትል ካለች ትንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ተው። ልጅህ እኮ ናት፣ ጠይቃት።»

«አንቺ መጋረጃሽን ስፊ።»

ሠራተኞቹ ለምሳ የሚበተኑበትን ሰዓት ጠብቆ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ላስቆመው ነው ብዬ ወጣሁ፤ ስደርስ ግን መሰርሰሪያውን እያቀበልኩት ነበር። በሩ ፊት ተንበርክኮ በእርሳስ ምልክት አደረገና ይበሳ ጀመር። አዲስ እንጨት ይሸታል፣ ብናኙ ጫማው ላይ ይፈሳል። ቀዳዳው ግማሽ እንደደረሰ ልጅቷ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥላ ገባች።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ሥራዬን» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አውጣው! እጅህን ከዚያ በር ላይ አንሳ!»

ልጅቷ አባቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቼ አላውቅም። ወንድሜ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። «የዕቃ ቤት ከሆነ የዕቃ ቤት ነው በይኝ» አላት። «እኔን የት እንዳሰብሽኝ ንገሪኝ። እዚያው አክስትሽ ቤት ከብረቶቼ ጋር ልቅር?»

ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። «የምን ዕቃ ቤት? ክፍልህ እኮ ነው! ስትነሳ ሐይቁ እንዲታይህ ብዬ ጥሩውን ክፍል…»

«መጋረጃውስ?» አልኩ እኔ፣ ማን ጠየቀኝና።

«እሱ መጋረጃ ሲያይ አይደል እንዴ የሚያብደው?»

እውነቷን ነው። ስንት ዓመት ስሰማው የኖርኩትን! እፍረቴን የት ላድርገው። ወንድሜም ፊቱ ፈታ አለ፣ ሊስቅ ምንም አልቀረው። እኔ እንኳ በቃ ነገሩ በዚሁ አለቀ ብዬ ነበር። እሱ ግን ጠይቆ የማይጨርስ ሰው ነው።

«ታዲያ ቁልፍ ለምን የለውም?»

ልጅቷ ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጠችው። «እማዬ የወደቀች ዕለት…» አለችና አቆመች።

ያን ዕለት ሚስቱ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ ወንድሜ እንዳስለመዳት ሁሉንም ከውስጥ ቀርቅራ። ወድቃ መነሳት አቃታት። ልጅቷ ልትጠይቃት መጥታ ቤቱ ተቆልፎ አገኘችውና ሱቁ ድረስ ሰው ላከች። ወንድሜ እየሮጠ ደርሶ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ሲገባ ሚስቱ አልፋለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷም ያን ጊዜ «እኔ ስደርስ ድምፅ አልነበራትም» ብላናለች።

«ድምፅ ነበራት» አለች አሁን። «እሷ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል። እጇ መቀርቀሪያው ጋ አልደርስ አላት። መስኮቱን ሞከርኩ፣ አንተ ያስገጠምከው ብረት አላስገባ አለኝ። እናወራ ነበር። ከዚያ እኔ ብቻ ማውራት ጀመርኩ።»

«ስደርስ ዝም ብላለች ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሸሁህ። ባሌንም እንዳይነግርህ ለምኜዋለሁ።»

ወንድሜ አንዴ እኔን አየኝ፤ ማወቅ አለማወቄን ሊያጣራ ይመስለኛል። አላውቅም ነበር። ማንንም የማያምን ሰው ያቺን አንዲት ቃል ሳይመረምር ተቀብሎ ይህን ሁሉ ዓመት በእሷ ኖሯል።

«አንተ ውስጥ ሆነህ እኔ በር ላይ ዳግመኛ አልቆምም፣ አባዬ» አለችው። «አልችልም። ስለዚህ ነው።»

«ምን አለችሽ?» አላት።

«ተወው አሁን…»

«ምን አለችሽ ነው የምልሽ።»

ልጅቷ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «‹አታልቅሺ፣ አባትሽ አሁን ይመጣል፤ እሱ የማይከፍተው በር የለም› አለችኝ።»

ወንድሜ መሰርሰሪያውን እንደያዘ መቃኑን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። አሁን ግን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፣ አፉን ለመሸፈን እንኳ አልሞከረም። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ቆሜ አለቀስኩ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁባት» አለ።

ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብላ ብናኝ የለበሰ እጁን ያዘችው። «አይደለም» ግን አላለችውም። ሁለተኛ ልትዋሸው አልፈለገችም።