«የሰለቸሽን ንገሪኝ» ይሉ የነበሩት ጋሽ ታደለ

መምህር ታደለ እሑድ ማለዳ እዚሁ ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ለጥቂት ሳምንታት ታመው ነበር። ሰኞ ከቀትር በኋላ ስንቀብራቸው ከጀጎልም ከአዲሱ ከተማም የመጣን ተማሪዎቻቸው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልተነው ነበር። ለቅሶ ላይ የተገናኘን ሁሉ ታዲያ እርስ በርስ «አንተን የት ላኩህ? አንቺንስ?» እየተባባልን ነበር። ጋሽ ታደለን የማያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ ግራ ሳይጋባ አይቀርምና ከዚያ ልጀምር።

እሳቸው የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝግ ያሉ፣ ሲቀልዱ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ። ያስተማሩት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንደኛ ዓመቱን ሲጨርስ ዲፓርትመንት መምረጥ ይመጣል። ለእረፍት ወደ ሐረር የተመለሰ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄድና «ጋሽ ታደለ፣ ባዮሎጂ ይሻለኛል ወይስ ኬሚስትሪ?» ይላቸዋል። መልስ አይሰጡም። «ዲፓርትመንት ስም ነው። ተመርቀህ ማክሰኞ ጠዋት ምን ስትሠራ ልትገኝ ነው?» ይሉታል። ከዚያ ለአንዱ የቀድሞ ተማሪያቸው ይደውሉና ልጁ ማክሰኞ እሱ ሥራ ቦታ እንዲውል ይልኩታል። ማክሰኞ ለምን ተመረጠ ብንላቸው «ሰኞ ሰው ገና አልነቃም፣ ዓርብ ልቡ ቤቱ ነው። የሥራ እውነተኛ መልክ የሚታየው ማክሰኞ ነው» አሉን።

ስንመለስም የወደድነውን አይጠይቁንም። «ደስ የሚለውንማ ማንም ይወደዋል፤ የሰለቸሽን ንገሪኝ» ነበር የሚሉት። ማንኛውም ሥራ ይሰለቻል፣ ሰው መምረጥ ያለበት መሰልቸቱን የሚችለውን ሥራ ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

እኔ ነጃት እባላለሁ። አባቴ ሐጂ ዩሱፍ ጀጎል ውስጥ፣ የስፌት መኪኖች በተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና ልብስ ይሰፋል። የፈተና ውጤቴ ገና ሳይመጣ «ልጄ ኢንሻአላህ ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ ለመንደሩ አውርቶ ጨርሶ ነበር። መንደሩም አላሳፈረውም፤ «ዶክተር ነጃት» ይለኝ ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን እንዲያውም መንገድ ላይ አስቁማኝ የሚያማትን ጉልበቷን አሳይታኛለች። ውጤቱ ሲመጣ ለሕክምና ሳይበቃ ቀረ። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ መላ መታ፤ ባዮሎጂ ትግባ፣ ያው የሰውነት ትምህርት ነው፣ ዞሮ ዞሮ ሐኪም ያደርጋል ተባለ። ይህ ስህተት በከተማችን ብዙ ልጅ በልቷል። ልጁ ባዮሎጂን ወዶ ሳይሆን የሕክምና የጓሮ በር መስሎት ይገባል፣ አራት ዓመት ሙሉ በሩን ሲፈልግ ይመረቃል። እኔ የምወደው ኬሚስትሪን ነበር። ግን አባቴ ፊት ይህን መናገር አቃተኝ። ምርጫዬን የማስገባበት ቀን ደግሞ እየደረሰ ነበር፤ አንዴ ከገባ መመለስ የለም።

ጋሽ ታደለ መጀመሪያ የላኩኝ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ድሬ ጠያራ፣ የማሽላ ተባይ ወደምታጠና አንዲት የባዮሎጂ ምሩቅ ዘንድ ነበር። ስመለስ የሰለቸኝን ጠየቁኝ።

«መጠበቅ» አልኳቸው። «ትሉ እስኪፈለፈል ይጠበቃል፣ ማሽላው እስኪያድግ ይጠበቃል።»

«እሷስ ሰልችቷታል?»

«እሷማ እያንጎራጎረች ነው የምትጠብቀው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና በሚቀጥለው ማክሰኞ የመጠጥ ውሃ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ላኩኝ። ስመለስ ብልቃጥ ማጠብ እንደሰለቸኝ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ተውሽው?»

«አይ፣ አጠብኩት። ሁለቴ አጠብኩት።»

«ሁለቴ እጠቢ ያለሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ» አሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ገበሩ የተተረተረ ኮት ይዘው አባቴ ሱቅ መጡ። ኮቱ ሰበብ ይሁን ወይም በእርግጥ ተቀዶ ይሁን ዛሬም አላውቅም። አባቴ ስፌቱን ጀመረ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የልጅቷ ልብ ኬሚስትሪ ላይ እንደሆነ ነገሩት።

አባቴ ቀና ሳይል «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ የባዮሎጂ አስተማሪ አይደሉም እንዴ? ሰው እንጀራውን ያጣጥላል?» አላቸው።

«አላጣጣልኩም፣ ሐጂ። እኔ ኬሚስትሪ ፈልጌ ባዮሎጂ ተመደብኩ። በእኛ ጊዜ የሚጠይቅህ አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማርኩት፤ አልጠላሁትም። ግን አንድም ማክሰኞ የራሴ ሆኖ አያውቅም።»

አባቴ መርገጫውን ለቀቀና መኪናው ቆመ። ያን ያህል ዓመት ሲያስተምሩን ይህን ነግረውን አያውቁም፤ ክፍል ውስጥም አንድ ቀን እንኳ አላስታወቁም። በጣም አዘንኩላቸው።

«እሺ፣ ጎረቤቱን ምን ልበለው?» አለ አባቴ።

«ልጄ መርምራዋለች፣ ውሃው ንጹሕ ነው ይበሏቸው።»

አባቴ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ወላሂ፣ የሰው ጨርቅ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም፤ የገዛ ልጄን ግን ሳልለካ ልቆርጥ ነበር። የፈለግሽውን ተማሪ» አለኝ። ኬሚስትሪ ገባሁ። ዛሬ ያንኑ ውሃ እመረምራለሁ።

ጋሽ ታደለ ሁሌ ልክ ነበሩ አልልም። ቄራ ልከውት ለሳምንት ሥጋ ያስጠሉት ልጅ አለ። ምክራቸውን ሳይሰማ ቀርቶ በሥራው ደስ ብሎት የሚኖርም አውቃለሁ። ችኮም ነበሩ፤ እናት አልቅሳ ብትለምናቸው እንኳ «ይህን ይማር» አይሉም። ግን ደጃቸውን አንኳኩቶ ማክሰኞ ያላገኘ ልጅ የለም። ታመው ከተኙ በኋላም በሚቆራረጥ ድምፅ ደውለውልኝ «ማክሰኞ አንዲት ልጅ እልክልሻለሁ። ጠንከር አድርገሽ አሠሪያት» አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ጋሽ ታደለ፣ የላኳት ልጅ መጣች። ሰኞ ቀብርዎ ላይ ነበረች፣ ማክሰኞ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ ከእኔ ቀድማ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። እንዳሉኝ ጠንከር አድርጌ አሠራኋት። ብልቃጦቹን አንዴ አጥባ ተወቻቸው፤ ሁለተኛውን እኔ አጠብኩ። እኩለ ቀን ላይ ጓንቷን አውልቃ «አሁን ለማን ነው የምናገረው?» አለችኝ። ያኔ ነው መሞትዎ የገባኝ። «የሰለቸሽን ለእኔ ንገሪኝ» አልኳት። አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ። ባዮሎጂ ሳይሻላት አይቀርም፤ እኔ ግን አልነገርኳትም። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ድሬ ጠያራ ላለችው የማሽላ ተባይ አጥኚ ደውዬላታለሁ። እርስዎ ይረፉ።