የተወቀጡት የእድር ሳህኖች

እናቴ ዕቃ ሲሰበር ከሩቅ የሚሰማ ጆሮ ነበራት። ከእኛ ቤት እስከ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የማንም ድስት ይሰንጠቅ፣ የማንም እንስራ ከጀርባ ይውደቅ፣ ባለቤቲቱ «ወይኔ!» ብላ ሳትጨርስ እናቴ ደጃፏ ላይ ነች። ለማጽናናት እንዳይመስላችሁ። «ገሉን እንዳትጥይው፣ እኔ እወስደዋለሁ» ለማለት ነው። አንዳንድ ሴቶች እሷ በመንገድ ስታልፍ ዕቃቸውን ወደ ጓዳ ያስገቡ ነበር፤ የሚሰብረው ዓይኗ ነው ይላሉ። ይህን ሲሉ ቀልዳቸውን አልነበረም።

ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እኔም ሥራውን የተማርኩት ከእሷ ነው። ከእንጦጦ ሥር የምንቆፍረው ጭቃ ብቻውን አይሆንም፤ እሳት ሲያይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገሉ፣ የተሰበረው ሸክላ፣ ይወቀጥና ይነፋል፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ይጨመራል። አሮጌው አንዴ በእሳት ያለፈ ስለሆነ አዲሱን ያረጋጋዋል። እኛ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም። ጎረቤት የምታበስልበት ድስት ውስጥ የሟች አያቴ ድስት አለ፣ የእሷ ድስት ውስጥ ደግሞ የማን እንዳለ እግዜር ይወቀው። ማገዷችንም የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ፣ ከዚያም ኩበት ነበር። የቆመ ዛፍ እንዳንነካ ሊቆጣጠረን የተመደበው የደን ጠባቂ እንኳ ውሎ አድሮ «እዚያ ማዶ ነፋስ ቅርንጫፍ ጥሏል» እያለ ወሬ የሚያመጣልን ሰው ሆኗል።

ሰፈሩ በእኛ ድስት ያበስላል፣ በእኛ ጋን ይጠምቃል፣ ከእኛ ጋር ግን አብሮ አይበላም። ከአብዮቱ በኋላ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ ስለተነገረ ስድቡ ቀርቶ ነበር። የቀረው ግን ስድቡ ብቻ ነው።

እናቴን ያንገበግባት የነበረው እድሩ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ጎሕ ሲቀድ በሰፈሩ ይዞራል። እናቴ ያን ድምፅ ስትሰማ ጭቃ የያዘ እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ቀጥ ትልና፣ «ለእኔስ ማን ይነፋልኝ ይሆን?» ትላለች። አያቴ ስትሞት ማንም አልነፋላትም። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ጠፍቶ አንደኛውን ጫፍ የያዘችው እናቴ ራሷ ነበረች። ይህን ስታወራ አታለቅስም፣ ትናደዳለች። እኔም ንዴቱን ከሙቀጫው ጋር ወርሻለሁ።

እድሩ እንዲመዘግባት በየጊዜው ትጠይቃለች። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ አንቀጽ የሚጠቅሱ ሰው። በአጥራቸው በር ላይ ያቆሟትና፣ «ጉዳይሽ በቀጠሮ ላይ ነው» ይሏታል። ቀጠሮው ለመቼ እንደሆነ ግን አይነግሯትም።

ዳኛው በዚህ ዓለም ላይ ከልባቸው የሚወዱት ነገር ቢኖር የእድሩን ሳህኖች ነው። ነጭ ሸክላ ናቸው፤ የቻይና ሥራ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ። በንጉሡ ጊዜ ሲግናል ሰፈር ሱቅ ከነበራቸው አንድ ሐጂ የተገዙ ናቸው። ሌላው እድር በቆርቆሮ ሳህን ሲበላ የእኛ ሰፈር ለቀስተኛ በቻይና ሸክላ ይበላል። ዳኛው ድንኳን ውስጥ ሰው ደረቱን እየደቃ ሳለ እንኳ ዓይናቸው ከአስተናጋጁ ላይ አይነሳም፤ «ቀስ! ቀስ ብለህ አስቀምጥ!» ይላሉ።

አንድ በልግ ላይ ቀበሌው የእድሮችን ዕቃ ለመዝናኛ ክበቡ ሊወስድ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሰው ሁሉ ትርፍ ሳህንም ይወረሳል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ዳኛው ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሳህኖቹን በጭድ ጠቀለሉ፣ በአንሶላ ገነዙና ቀበሯቸው። ግቢያቸው ቢፈተሽ እንዳይገኙ ከአጥሩ ውጭ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ራቁት ተረተር ላይ ነው የቀበሯቸው። ሰው ስለ ሳህኖቹ ሲጠይቃቸው «በቆጠራ ላይ ናቸው» ይላሉ። ለሳህንም ለሰውም ቀጠሮ መስጠት ያውቁበታል።

ክረምት ሲገባ ቀበሌው ሕዝቡን ለችግኝ ተከላ አስወጣ። የት? ራቁት ተረተሩ ላይ ነዋ!

ዶማችንን ይዘን ስንደርስ ዳኛው ቀድመውናል። ጋቢያቸውን አጣፍተው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ዘመቻውን የሚመራው ካድሬ ወጣት ነው፤ የገበሬ ልጅ በመሆኑ ዶማ ሲይዝ የሚያምርበት።

«ጓድ አባት፣ ምነው ተቀመጡ?»

«ወገቤን አሞኝ ነው፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ይነሱ፣ የእርስዎን ጉድጓድ እኔ እቆፍርልዎታለሁ።»

«የለም፣ የለም! እዚህ ችግኝ አይበቅልም። ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ከሆነማ የወጣት ድርሻ ነው!» አለና ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው።

ዶማው ወረደ። ክሽሽ አለ።

«እውነትም ድንጋይ ነው» አለና ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ደገመው። ዶማው በወረደ ቁጥር ዳኛው ራሳቸው የተመቱ ይመስል ይንዘፈዘፋሉ። በመጨረሻ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ስባሪ ተፈናጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ። ካድሬው ዶማውን አቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው? እዚህ ንብረት የቀበረ ማን ነው?»

ያኔ ንብረት ደበቀ መባል የሚሳቅበት ነገር አልነበረም፤ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ነገር ነው። ለሁሉም ነገር አንቀጽ የማያጡት ዳኛ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። «እስቲ አሁን በቀጠሮ ላይ ነው በሉት!» አልኩ በሆዴ።

እናቴ ግን ዶማዋን ጥላ ወደ ፊት ወጣች።

«የእኔ ነው፣ ጓድ። ገል ነው።»

«ምን?»

«ሸክላ ሠሪ ነኝ። የተሰበረ ዕቃ እለቅምና ዝናብ እንዲያለሰልሰው እዚህ እቀብረዋለሁ። ከዚያ ወቅጬ አዲስ ዕቃ እሠራበታለሁ።»

ዝናብ ገል አያለሰልስም። እሷም እኔም እናውቃለን። እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ነጩንም?»

«ነጩንማ ከሁሉ አስበልጬ ነው የምፈልገው፣ ጓድ። በውጭ ምንዛሪ የገባ ነው። ተሰብሮ ከሚቀር እዚሁ በአገር ልጅ እጅ እንደገና ቢሠራ አይሻልም?»

የካድሬው ፊት በራ። እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ራስን ስለ መቻል ረዥም ንግግር አደረገ። ሲጨርስም ሕዝቡ ሁሉ ገሉን ለእናቴ እንዲለቅምላት አዘዘ። ዳኛው ተንበርክከው የሳህኖቻቸውን ስባሪ መልቀም ጀመሩ። እንባቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ ካድሬው አያቸውና፣ «ንግግሩ ነክቷቸው ነው» አለ።

የጉድጓዱ ሥር ላይ አንዲት ሳህን ደህና ሆና ተገኘች። ዳኛው ደረታቸው ላይ ለጥፈዋት ሊነሱ ሲሉ እናቴ በቀስታ ተቀበለቻቸው። ገል ነው ብላለች፣ ደህና ሳህን ደግሞ ገል አይደለም። በካድሬው ፊት ድንጋይ ላይ ገጭ አድርጋ ሰበረቻትና ወደ ጆንያው ጨመረቻት። ያኔ ከዳኛው ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል።

በማግስቱ ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት መጡ። በር ላይ ጥቂት አመነቱና ገቡ፤ የተደፋ ገንቦ ላይም ተቀመጡ።

«ስለ ትናንቱ ውለታሽ ምን ልክፈልሽ?» አሉ።

«የቀጠሮዬን ቀን ይንገሩኝ» አለች እናቴ።

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። ሳህኖቹን መልሳ እንደምትሠራ፣ ሥራዋም ሲያልቅ ጉዳይዋ ለእድሩ ጉባኤ እንደሚቀርብ ተስማሙ።

አወይ የቻይና ሸክላ! የእኛን ገል ለመውቀጥ ሁለት ሴት ይበቃል፤ ያን ነጭ ጉድ ለመውቀጥ የመንደር ደቦ ያስፈልግ ነበር። በእንጨት ሙቀጫ አልሞከርነውም፤ የብረቱም ሙቀጫ አለቀሰ። መዳፌ ተላጠ፣ አስነጠሰኝ፣ ሠሪዎቹን ከነዘር ማንዘራቸው ረገምኳቸው። እናቴ ደግሞ በሕይወቷ ጠፍጣፋ ሳህን ሠርታ አታውቅም። ድስት፣ ጋን፣ ምጣድ ነው እጇ የሚያውቀው። የመጀመሪያዎቹ ከእሳት ሲወጡ ተጣመሙ፤ መሬት ላይ ሲቀመጡ ይወዛወዛሉ፣ ወጥ ሲጨለፍባቸው ወጡ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ተሳደበች፣ ሰበረቻቸው፣ ወደ ሙቀጫው መለሰቻቸው። ደጋግማ ሠራች። በመጨረሻ የቆሙት ሳህኖች ጥቁር፣ በወንዝ ድንጋይ ታሽተው የለሰለሱ፣ መላ ገላቸው ላይ ነጭ ነጭ ፍንጣቂ ያለባቸው ሆኑ፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ይመስላሉ። ዳኛው መጥተው አንዱን አገላብጠው ሲያዩት ቆዩና፣ አንዷን ነጭ ፍንጣቂ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጓት።

ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እናቴ የሳህን ጆንያዋን እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች፣ እኔ ከኋላዋ። ጉባኤተኛው ተጨነቀ። እሷን የማይቀበሉበትን ምክንያት ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ ሊናገረው አይችልም፤ ቀበሌ ቢሰማ ጣጣ አለው። ስለዚህ ሌላ ሌላ ምክንያት ይፈለግ ጀመር። አንዱ ጭሷ ያስቸግራል አለ። ሌላው የአባል ቁጥር ሞልቷል አለ። አንድ ቦርጫም ልብስ ሰፊ ብድግ ብሎ፣ «እኔ ሌላ ነገር የለኝም፣ ቤቷ ሩቅ ነው። ለቅሶ ቢደርስባት መንገዱ ያስቸግረናል» አለ። ልብስ ሰፊው የአጥር ጎረቤታችን ነው።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንብረት ቅርጹን ቢለውጥ ባለቤትነቱ አይለወጥም» አሉ። «እነዚህ ሳህኖች የእድሩ ሳህኖች ናቸው። የተለወጠው ቅርጻቸው ነው። የእኛ ንብረት ከእሷ ጭቃ ጋር ተዋህዷል፤ ሳይነጣጠል ደግሞ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መመለስ አይቻልም።» አንቀጹን የት እንዳገኙት አላውቅም፤ በሕይወታቸው ትክክለኛ ቦታ ላይ የጠቀሱት አንቀጽ ግን እሱ ነው።

ጉባኤው አሁንም ያጉረመርማል። እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ከተቀበላችሁኝ ይኸው ሳህናችሁ» አለች። «ካልተቀበላችሁኝ ደግሞ መልሼ እወቅጠዋለሁ። ሙቀጫው ቤት ነው። ቤቴም እንደምታዩት ሩቅ አይደለም።»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች። በመጨረሻ ልብስ ሰፊውም ሆዱን ይዞ ሳቀ። የእናቴ ስም የተጻፈው በሳቅ መሐል ነው።

በሳህኖቹ መጀመሪያ የተበላበት ለቅሶ ላይ እናቴ ሆን ብላ ልብስ ሰፊው አጠገብ ተቀመጠች። እሱ ሳህኑን ከፍ አድርጎ ከሥር አየው፣ አሸተተው፣ በጣቱ ቆረቆረው። «ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችው። በላ። ነገ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። በማግስቱ ግን ጎሕ ሲቀድ የስፌት መኪናው እንደ ወትሮው ሲንኳኳ ሰማን። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አለ» አለች።

እናቴ የሞተችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ደርግ ሳይወድቅ ነው። በዚያ ማለዳ የጡሩንባው ድምፅ ከቁልቁለቱ ወደ እኛ ሲመጣ እንደ ልማዴ «ማን ሞቶ ይሆን?» ብዬ ላሰላስል ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝም አያውቅም። ነፊው ስሟን ጠርቶ ነፋ፣ ከእኛ ቤት በላይም በታችም ዞሮ ነፋ። ቃሬዛዋን ለመሸከም ሰዉ ተጋፋ። ልብስ ሰፊው አንዱን ጫፍ ይዞ ሌላ ሰው ሊተካው ሲል አለቅም ብሎ ተጣላ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሲነሳ ዳኛው ሳህኖቹን ራሳቸው እየቆጠሩ ይደረድሩ ነበር። አርጅተዋል። አንዱ ሳህን አመለጣቸውና ተሰበረ። ሁላችንም ጩኸታቸውን ጠበቅን። እሳቸው ግን አልጮሁም። ቀስ ብለው ተንበረከኩና ስባሪውን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ ሣሩ ውስጥ የገባችውን ትንሿን ሳይቀር ፈልገው አወጡ። በጋቢያቸው ጫፍ ይዘውት ወደ እኔ መጡ።

«እንኩ፣ ልጄ» አሉ። በሕይወቴ «አንቱ» ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው። «የእርሷ እጅ ያረፈበት ነው። እንዳይጠፋ።»

ጎረቤቶቼን ከሸኘሁ በኋላ ሙቀጫውን ወደ ደጅ አወጣሁት።