ዋስ ያልነበረው ተማሪ

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። በሩ ሲከፈት የበረኪናና የሽንት ሽታ ቀድሞ ተቀበለኝ። ጥፋቴ አጭር ነው፤ ኮልፌ የቀበሌ ሰዎች የሰፈር ስብሰባ ጠርተውን «ቤታችን ሲፈርስ እኛን የት ልታደርጉን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ተቀመጥ ሲሉኝ አልቀመጥም አልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ወስደው አሰሩኝ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ መርካቶ ጨርቅ የሚነግድ ወፍራም ሰው ነበር። ለሽምግልናዬ ብሎ የግድግዳውን ጥግ ሰጠኝ። አጠገቤ አንድ ረጅም ወጣት እግሩን የሚያደርግበት አጥቶ ተኮራምቷል። ከደቡብ ሱዳን በስደት የመጣ የሕክምና ተማሪ ነው። አስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ሲጠብቅ አፈሳ ደርሶ ከሰዉ ጋር ጫኑት። ደብተሩን በር ላይ ተቀብለውታል። ፈተናው ደግሞ ደርሷል፤ ከቀረ ወጪውን ችለው የሚያስተምሩት ሰዎች ሁለተኛ አይከፍሉለትም።

«አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለኝ።

«ምን ልታደርገው?»

«ላጠናበት።»

ሰጠሁት። ከሲታ ነኝ፣ አጥንቴ ይቆጠራል። እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ በፈረንጅ አፍ ስሙን ይጠራል። አውራ ጣቴ ሥር ያለችው ሁልጊዜ ትጠፋበታለች። ሲሳሳት ዘሎ አያልፍም፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

«አባባ፣ ይጠንቀቁ» አለ ካቦው። «ይሄ ልጅ ርክክብ ላይ ነው። ሲሞቱ ዕቃ እንዳይጎድልበት።»

«አንተን ነበር የምይዘው» አለ ተማሪው፣ «ያንተን አጥንት ፈልጌ አጣሁት እንጂ።»

ክፍሉ ሳቀ።

በማግስቱ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ በዋስ የሚፈቱትን ጠራ። እኔም ተማሪውም ተጠራን። ዋስ የሚሆነው ደሞዝተኛ ነው፤ አንድ ሰው ከአንድ እስረኛ በላይ መዋስ አይችልም። ሴት ልጄ አስተማሪ ናት፣ መታወቂያዋን ይዛ መጥታለች። እሱ ማንን ይጥራ? ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ጫማውን ማሰር ጀምሮ ተወው።

«ለሱ ፈርሚለት» አልኳት።

«አባዬ፣ እኔኮ እርስዎን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ቢጠፋብኝስ? የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አይጠፋም። ሲሳሳት እንኳ ተመልሶ የሚጀምር ሰው ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ነገ ፈተና የለብኝም።»

እያለቀሰች ፈረመች። ፖሊሱ «ሽማግሌው ጤነኛ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሲፈጠሩም እንዲህ ናቸው» አለችው።

ተማሪው ሊወጣ ሲል እጄን ያዘ። አውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ነክቶ፣ ሳይሳሳት በስሟ ጠራት። እኔ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ካቦው የራሱን ጋቢ አነጠፈልኝ።

ቆይቶ እኔንም ፈቱኝ። ለጥያቄዬ እስከ ዛሬ መልስ የሰጠኝ የለም። ተማሪው ግን ሐኪም ሆኗል። ጉልበቴን ሊያይልኝ ቤት ይመጣል። ልጄን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ዋሴ» ነው የሚላት። እሷም በሩን ስትከፍትለት ሁሌ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች።

«ዛሬም አልጠፋህም?»