ለልጅ ልጄ ያሸተትኋቸው የሃይፋ ወይን ቤቶች

አገራችንን ለቀን ልንወጣ ስንል በዋዜማው ማምሻ ቤቴ ውስጥ ሊደርስ ሦስት ቀን የቀረው አንድ ጋን ጠላ ነበር። አውቶቡሱ ጎሕ ሲቀድ ከጎንደር ይነሣል ተብለን ልጄ ሻንጣ ስታስር፣ እኔ ጋኑን እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ መልሼ እከድናለሁ። ታናሽ እህቴ ያለም የጉዞ ወረቀቷ ስላልወጣላት ቀሪ ነበረች። «እታለም፣ ተይው፤ እኔ አለሁለት» አለችኝ። ለጠላው ነው ያለችው። ለእርሷ ማን እንዳለላት ሳልጠይቃት ወጣሁ። አልተላቀስንም፤ የእኛ ቤት ሰው ዓይኑ ደረቅ ነው። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት አለፈ፤ ወረቀቷ አሁንም አልወጣም።

እዚህ ሃይፋ እንደደረስን አንዲት ጸሐፊ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

«ሥራሽ ምን ነበር?»

«ጠማቂ ነኝ። ጠላ እጠምቃለሁ፣ ጠጅ እጥላለሁ።»

«ፋብሪካ ውስጥ?»

«ቤቴ ውስጥ።»

«ስንት ሠራተኞች ነበራችሁ?»

«እኔ ነበርሁ።»

ጸሐፊዋ አንድ ነገር ጻፈች። ምን አለች ብዬ አስተርጓሚውን ብጠይቀው «ሥራ የላትም ብላለች፣ እናቴ» አለኝ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ በልልኝ ብለው፣ ለእሱ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም አለኝ። ቤሰደር አልሁ። ከዕብራይስጥ መጀመሪያ ያወቅሁት ቃል እሱ ነው፤ እዚህ አገር ሰው ሲጨንቀውም ሲስማማውም የሚለው ነው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ወደቡ አጠገብ ያለ ቢሮ አጸዳሁ። ከምኖርበት ከክርያት ሐይም በማለዳው ባቡር እወርዳለሁ፣ ወለሉን አጥቤ ሠራተኞቹ ሲገቡ እወጣለሁ። በታችኛው ከተማ ሳልፍ ከወይን ቤቶቹ በር ላይ የጠርሙስ ሣጥን ሲራገፍ አያለሁ። ገብቼ ግን አላውቅም፤ ማንም አልከለከለኝም፣ እኔም ይገባኛል ብዬ አላሰብሁም።

ያስገባችኝ ሺራ ናት። ሺራ የልጄ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ እኔን አያቷን «አንቺ» ትለኛለች፤ በዕብራይስጥ አያቴ ለማለት «ሳፍታ» ብላ ስለምትጀምር፣ የሳፍታን ማዕርግ ቆጥሬ አልፋታለሁ። የከተማችን ወሬ የሚወጣበት አንድ ድረ ገጽ የወይን ቤቶችን እየጎበኘች እንድትጽፍ ለሙከራ ወስዷት ነበር። ሦስት ቤት ትጎበኛለች፣ ሦስት ጽሑፍ ትጽፋለች፤ ከተወደደላት ዓምዱ የእርሷ ይሆናል። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህ ሌላ የተመኘችው የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ሳፍታ፣ ነዪ አብረሽኝ፤ ብቻዬን ደበረኝ» አለችኝ። እውነተኛውን ምክንያት ያን ጊዜ አላወቅሁም።

የመጀመሪያው ቤት ከወደቡ ጀርባ ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ። እኔ አስቀድሜ ግድግዳው ላይ የኮሸሩን ወረቀት፣ መጠጡ በሃይማኖታችን የተፈቀደ ነው የሚለውን፣ ፈልጌ አነበብሁ፤ ከዚያ ተቀመጥሁ። ብርጭቆ መጣ። እንዲህ ያለ ብርጭቆ ይዤ አላውቅም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እግሩ እንደ ስንዴ አገዳ የቀጠነ። ባለቤቱ ራሱ ቀዳልን፤ ሽበት የገባበት፣ መነጽሩን በገመድ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ለሺራ ጥቂት ጠብ አደረገላት። አዟዟረች፣ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ «ግሩም ነው» አለችና ጻፈች። ቀጥሎ ለእኔም ጥቂት ቀዳና ቆመ። እኔም ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ።

«ቅመሺ እንጂ» አለኝ።

«አንተ ቅመስ» አልሁት።

«እኔ?»

«የቀዳው ማን ነው?»

በአገራችን ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እንግዳ የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ እንግዳው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ይህን እኔ በምን ልወቅ? ሰውየው ጨዋነት የማያውቅ መሰለኝ፤ እሱም ወይኑን የጠረጠርሁበት መሰለው። ሺራ ጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችኝ። «ሳፍታ፣ አታዋርጂኝ።»

ሰውየው ሳቀ። «እሺ እናቴ፣ ለአንቺ ስል» ብሎ በሌላ ብርጭቆ ቀዳና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሳቁ እዚያው ቆመ። ዳግመኛ አሸተተ። እኔም የራሴን አነሣሁና አሸተትሁ። በደንብ ሳይታጠብ፣ በወይራም ሳይታጠን ጠላ የተጣለበት ጋን ይሸታል። ይህንኑ በተሰባበረ ዕብራይስጤ ነገርሁት።

«ቡሹ ነው ያበላሸው» አለ ሰውየው። «ከብዙ ጠርሙስ መካከል አንዳንዴ ይገጥማል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ጠርሙሱን አነሣና ወደ ሺራ ዞረ። «አንቺ ግን ግሩም ነው ብለሽ ነበር።»

ሺራ አንገቷ ድረስ ቀላች። 

በባቡር ስንመለስ ነው የነገረችኝ። ክረምቱን በትኩሳት ተኝታ ስትነሣ ሽታ የሚባል ነገር ጠፍቶባታል። ቡናም፣ ሽንኩርትም፣ ሳሙናም አይሸታትም። ሐኪሙ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏታል። ለድረ ገጹ አዘጋጅ አልነገረችውም።

«ዓምዱን ይወስድብኛል» አለችኝ። «ሳፍታ፣ አንቺ አሽትቺልኝ፣ እኔ ልጻፍ። ማንም አያውቅም።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ፊቷን አይቼ እሺ አልሁ።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ እኔ በነገርኋት ጻፈች፤ ሰውየው ጠርሙሱን ሳይከራከር መለወጡንም አመሰገነች። ሁለተኛው ቤት ካርሜል ተራራ ላይ ነበር። ስለዚያ ቤት እንዴት አድርጌ እንደምጽፍላችሁ አላውቅም። በረንዳው ላይ ስቀመጥ አሥራ አምስት ዓመት ጎንበስ ብዬ ያጸዳሁበት ወደብ ከእግሬ ሥር ተዘረጋ፤ መርከቦቹ፣ የዕቃ ማንሻዎቹ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ጢስ፣ ወዲያ ማዶ ክርያት ሐይም፣ የእኔ ቤት ያለችበት። ታች ሆኜ የግራሶና የናፍጣ ሽታ እንጂ ሌላ አላውቀውም ነበር። ከላይ ሲታይ እንዲህ ያለ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

የምትቀዳልን ጠና ያለች ሴት ነበረች። ሁለት ነጭ ወይን አቀረበችልኝ፤ ሁለቱም ከአንድ ኮረብታ ናቸው አለችኝ፤ አንዱ ፀሐይ ከምትወጣበት ጎን፣ ሌላው ከምትጠልቅበት። አሸተትኋቸው። አንደኛው ትርንጎ ሲላጥ ነው፤ ሁለተኛው ጠል ያደረበት ድንጋይ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ነው። አንድ ኮረብታ፣ አንድ ዓይነት ወይን፣ አንድ ዝናብ። እጄን በአፌ ጫንሁ። ሠላሳ ዓመት ስጠምቅ የዚህኛው ማሳ ገብስና የዚያኛው ማሳ ገብስ አንድ ጠላ እንደማይወጣው አውቅ ነበር፤ ግን ሞኝነት መስሎኝ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ይህንኑ ጉዳይ መጽሐፍ ጽፈውበታል፣ ትምህርት ቤት ከፍተውበታል። ከወይኑ ጋር የሻገተ አይብ በእንጨት ገበታ አቀረቡልን፤ እኛ ብንሆን ለውሻም አንሰጠው። እሱንም ቀመስሁት። ክፉ አይደለም።

ሺራ ስትጽፍ አየኋት። «ጠል ያደረበት ድንጋይ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ስሟን አኖረች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ከበደኝ። በሰው አፍንጫ አሽትቶ የራሴ ነው ማለት፣ በሰው ጋን ጠምቆ የእኔ ነው ከማለት አይለይም።

«ለሦስተኛው ቤት አልመጣም» አልኋት። «ለአዘጋጅሽ እውነቱን ካልነገርሽው በቀር።»

«ሳፍታ፣ ያባርረኛል እኮ።»

«ያባርርሽ ይሆናል።»

ሦስት ቀን አልደወለችልኝም። በአራተኛው ቀን ቤቴ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለችለት።

«ምን ማለትሽ ነው፣ አፍንጫ የለሽም?» አለ አዘጋጁ።

«አፍንጫማ አለኝ። አይሠራም።»

«የላክሽልኝን ሁለት ጽሑፍ ታዲያ ማን ጻፈው?»

«እኔ ጻፍሁት። ያሸተተችው አያቴ ናት።»

«አያትሽ ወይን የት ተማረች?»

ሺራ ወደ እኔ ስትዞር እኔ ገባሁበት። «ወይን አልተማርሁም። ጠላ ጠምቄአለሁ፣ ሠላሳ ዓመት።»

«ጠላ ምንድን ነው?»

«የገብስ ነው። ብትጠጣው ታውቀዋለህ።»

 «ያልታጠነ ጋን የሚለው የእርስዎ ነው? እኔኮ ቅኔ መስሎኝ ነበር።»

«ቅኔ አይደለም። ጋን ነው።»

ሳቀም፣ ሳለም፤ አልለየሁትም። «ሦስተኛውን ላኩልኝ» አለ። «ስለ አፍንጫው ጉዳይ ግን በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ እናያለን።» ሺራ ስልኩን ዘግታ ጫማዋን አወለቀች። ሻይ አፈላሁላት።

ሦስተኛው ቤት ወደ ታችኛው ከተማ በሚያወርደው ደረጃ ጥግ ላይ ያለ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ነው። ጥቁር የሚመስል ቀይ ወይን ሰጡን። አሸተትሁት፤ የዶቅማ ፍሬ አልኋት፣ ጻፈች። አዲስ ኮርቻ አልኋት፣ ጻፈች። ከዚያ ከሥር ሌላ ነገር መጣ፤ ቅጠል ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስሙ ግን ጠፋኝ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ወደ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት፣ በግራ በኩል፣ ውኃ ቀድተን ስንመለስ ቀሚሳችን የሚታከከው ቁጥቋጦ ነው። ቁልቁለቱ መጣልኝ፣ እንስራው ጀርባዬ ላይ ከበደኝ፣ ያለም ከኋላዬ ስታጉረመርም ሰማኋት፤ ስሙ ብቻ አልመጣም። እጄ ላይ ያለው ከዚህ አገር ኮረብታ የተለቀመ ወይን ነው። ይህ ሁሉ በምን ጎዳና ወደዚያ ብርጭቆ እንደገባ አሁንም ይደንቀኛል።

ሺራ ቦታውን ክፍት ትታ ጽሑፉን ላከችው። አፍንጫዋ እንደማይሠራ፣ የምታሸተው አያቷ መሆኗን በመጀመሪያው አንቀጽ ጽፋ ነበር። አዘጋጁ በማግሥቱ ደወለ። ዓምዱን ሰጣት፤ ከሥሩም የሁለታችን ስም እንዲወጣ አለ። «ባዶውን ብቻ እስከ ነገ ሙሉልኝ» አለ።

ስለዚህ ለያለም ደወልሁላት። ጎንደር ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮውን ሲመታው ይሰማኛል። ሺራ አጠገቤ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች።

«እታለም፣ በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው። ወደ ወንዙ ስንወርድ በግራ በኩል ያለው ቁጥቋጦ፣ ያ ሽታ ያለው፣ ማን ነበር ስሙ?»

«የቱ? ቀሚሳችንን የሚይዘው?»

«እሱን።»

«ኧረ እሱማ ተመንጥሯል። መንገድ ወጣበት፣ ይኸው ስንት ዘመኑ። ዛሬ መኪና ነው የሚያልፍበት።»

«ስሙስ?»

  «ስሙ… አየሽ፣ ለእኔም ጠፋኝ። የሚጠየቅ ሰውም አልቀረ። አሁን ምን አስታወሰሽ?»

«እዚህ አንድ ወይን አለ፤ እሱን ይሸታል።»

«ወይኑ?»

«አዎ። ብርጭቆው ውስጥ።»

ሺራ «ምን አለችሽ? ምን ልጻፍ?» ትለኛለች። በእጄ ቆይ አልኋት።

ያለም ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማል። «እዚህስ ከጠፋ ቆየ» አለች። «እንግዲያ ወደ ወይኑ ተመልሰሽ ሂጂና፣ እታለም፣ ለእኔም አሽትቺልኝ።»