የደጋው ወይን በማርካ

«ጽዋ በየብርጭቆው ከተቀዳ ጽዋ አይደለም፤ ቡና ቤት ነው!»

«ወረርሽኙ እኮ የማርያም ጽዋ ነው ብሎ አይምርሽም፣ እትዬ» አልኳት።

እትዬ የምንላት እዚህ ዓረብ አገር፣ ማርካ ሰፈር ያለችውን ምድር ቤት በስሟ የተከራየችው ታላቃችን ናት። ሦስት ነን፤ በሰዓት እየተቀጠርን የሰው ቤት እናጸዳለን። ያን ወር ማርያም ዓርብ ላይ ዋለች፤ ዓርብ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰዓት እላፊ ነው። ማኅበርተኞቻችን ከየሰፈራቸው መምጣት አልቻሉም፤ ጌሾ ስላጣን ጠላም የለም። ያለን በዋዜማው ኡም ሱማቅ ከማጸዳው ቤት ይዤው የመጣሁት ቀይ ወይን ብቻ ነበር።

አሠሪዬ ማዳም እንግዳ መጥራት ከቀረ ወዲህ ብቻዋን ከፍታ ብቻዋን መጨረስ ያቃታት ጠርሙስ ነው። ከመስጠቷ በፊት ጥቂት ቀዳችልኝና «ሺሚ» አለችኝ በዓረብኛ፤ መጀመሪያ አሽትቺ ማለቷ ነው። ወይኑ የበቀለው ከፍ ባለ ደጋ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ቀን ፀሐይ ይጠብሰዋል፤ ሌሊት ብርድ ይቆነጥጠዋል፤ ለዚህ ነው ልጣጩ የሚወፍረው አለች። አፍንጫዬን ከተትኩ፤ ዝናብ የመታው አቧራ፣ ቆዳ፣ የጠፋ እሳት ሸተተኝ። ስጎነጨው ድዴን ጨምድዶ ያዘው፤ ከዋጥኩት በኋላ ግን ከወደ ጉሮሮዬ አንድ ጣፋጭ ነገር ተመለሰ። ለዚያ ነገር ስም ስፈልግለት አውቶቡሱ ማርካ ደረሰ።

«ለየብቻ ይሁን» አለች ሦስተኛዋ፣ የአልጋ ጎረቤቴ።

ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት። በየወሩ ጽዋውን ተሳልማ ካልጠጣች የማይሆንላት እሷ ናት። ቦርሳዋ በሩ ሥር ተዘጋጅቷል፤ በማግስቱ ረቢየህ ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት የምትጦርበት ቤት ለሥራ ልትገባ ነው። ከተማው ከተዘጋ ጀምሮ የጠራት ቤት ያ ብቻ ነበር።

እትዬ እያጉረመረመች በሦስት የሻይ ብርጭቆ ቀዳች። ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች።

«ይሄ ኮሶ ነው እንጂ ወይን ነው? ደጋ የበቀለ ሁሉ እንዲህ ይመራል?»

«ታገሺው እንጂ እትዬ፣ ጣዕሙ ከኋላ ነው የሚመጣው።»

«ግጥምሽን ተይና ስኳር አምጪ!»

የአልጋ ጎረቤቴ ብርጭቆዋን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች። «ኧረ ይጣፍጣል» አለች፤ «እንደ ብርዝ። ሽታውም ማር ማር ይላል።»

እትዬ ስኳሩን ተወችው። ተነሥታ ነጭ ሽንኩርት በመዳፏ ደቆሰች። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻትና መዳፏን አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። «ምንድን ነው?»

«ወይኑ ነዋ።»

ቤቱ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ዓይኗን ገልጣ የእትዬን መዳፍ አየች።

«ሽታ የጠፋብሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ትኩሳት የለኝም። አላስልም።»

«አሮጊቷን ትጨርሻታለሽ፣ ልጄ» አለች እትዬ።

«እኔ ስጨረስ ማን ይጠይቃል? አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ? አፌን ሸፍኜ እሠራለሁ። እናንተ ብቻ ዝም በሉ።»

እትዬ እኔን አየችኝ። ረቢየህ ላለችው የአሮጊቷ ቤት ማዳም ማን እንደሚደውል ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ዓረብኛው የሚቀናኝ እኔ ነኝ።

«ዛሬውኑ እደውላለሁ» አልኩ።

«ደውያ! ቃል አይጠፋብሽም። ስለ ብርድና ስለ ድንጋይ ስትዘባርቂ ትውያለሽ፤ እዚህ አጠገብሽ የተኛሁት እኔ ግን አልታየሁሽም።» ቦርሳዋን አነሣች።

«በሰዓት እላፊ የት ልትሄጂ ነው? ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ እኮ አልፎበታል፤ ፖሊስ ቢይዝሽ ወደ አገር ነው የሚጭኑሽ!» አለች እትዬ። ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሰበሰበችው።

የአልጋ ጎረቤቴ ያንን እጅ አይታዋለች። የጠጣችበትን ብርጭቆ ከጠረጴዛው አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ብርጭቆዬን ለማጠብ ክሎር እንዳታባክኑ» አለች። የአፍ መሸፈኛዋን አጠለቀች፤ ደረጃውን ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።