ዘመኑ ያልተጻፈበት ቁጥር

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሶፍትዌር ስም ላወጣ ስል አንዲት ሴት ትታወሰኛለች።

የምሠራው መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው፤ ሙያዬ ኮምፒውተር። የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚይዝ አንድ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ማንም ከፍቶ ሊያሻሽለው ይችላል። እኔ በጥቅል አዘጋጅቼ ለአካባቢው ጤና ጣቢያዎች እልካለሁ። አዲስ ሲወጣ ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ይጭኑታል። ነሐሴ ላይ ግን አንድ ጉድ አየሁ፤ ፕሮግራሙ ጳጉሜን ዘሎ ይቆጥራል።

ቶሎ አስተካከልኩት። የቀድሞው በፈረንጅ ዓመትና ወር «2024.6» ይባል ነበር። እኔ ደግሞ «ለምን በራሳችን አቆጣጠር አይሆንም?» ብዬ «2016.12» አልኩት። በስሙ ኮርቼ ነበር። የራሴ ኮምፒውተር ላይ በእጄ ጭኜ ሞከርኩት፤ ሠራ። ሁሉም ጋ ደረሰ ብዬ እፎይ አልኩ።

መስከረም ላይ ፕሪንተር ልጠግን ወደ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ነርሷን ታነጋግራለች። ከአባቷ ጋር ሦስት ሰዓት በጭቃ ተጉዛ የመጣችው ለኩፍኝ ክትባት ነው።

«ክትባቱ እኮ ባለፈው ሳምንት ነበር። ብልቃጡ የብዙ ልጅ ነው፤ ለአንድ ብቻ አይከፈትም» አለቻት ነርሷ።

«ቀኑን የጻፋችሁት እናንተ!» ሴትዮዋ ካርዷን ዘረጋች። «ኩፍኙ እኮ ጎረቤት ገብቷል። እስከሚመጣው ወር ምን ልሁን?»

ካርዱን ሳየው የተጻፈው ቀጠሮ አምስት ቀን ዘግይቷል፤ ልክ የጳጉሜን ያህል። ደነገጥኩ። ኮምፒውተሩን ስከፍት የድሮው 2024.6 እንዳለ ተቀምጧል። 2016 ከ2024 ስለሚያንስ፣ የእኔን አዲሱን «አሮጌ ነው» ብሎ ትቶታል። በጣም አፈርኩ፤ ቁጥሩን በእኛ ዘመን ብጽፈው አንሶ መቅረቱን፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው።

አባቷ ቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ ናቸው። በጽሞና ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ዓመተ ዓለም ይሁን ዓመተ ምሕረት ሳትለይ ቁጥሩን ብቻ ጻፍህ? እኛ እኮ በባሕረ ሐሳብ መጀመሪያ ዘመኑን ነው የምንጠራ» አሉኝ።

በእኛም ሙያ ይኸው ደንብ አለ። አቆጣጠር ሲቀየር ከስሙ ፊት «ዘመን» የምትባል አንዲት ቁጥር ትገባለች፤ እሷ ያለችበት ከሌለችበት አዲስ ሆኖ ይቆጠራል። አውቀው ነበር፤ ምን ያደርጋል ብዬ አለፍኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ «1:2016.12» ብዬ ላክሁት፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ተቀበለ።

ነርሷም ቀን የተሳሳተባቸውን ልጆች ዝርዝር አውጥታ ለማግሥቱ አስጠራቻቸው። ሴትዮዋ ዘመድ ቤት አድራ ልጇን አስከተበች።

ነርሷ እንደምትነግረኝ፣ ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ካርዳችንን አታምንም። ተቀብላ ለአባቷ ትወስዳለች፤ እሳቸው በጣታቸው ቆጥረው «ልክ ነው» ሳይሏት ከቤት አትነሳም። መጀመሪያ ስሰማው ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን እውነቷን ነው እላለሁ። ሦስት ሰዓት የሚሄደው የእሷ እግር ነው።