የሀምዲን ተንጠልጣይ አልጋ

ባሌ ሀምዲን ድንኳን ሰፊ ነው። ደሴ ውስጥ የሠርግ ድንኳን ተተክሎ አይታችሁ ከሆነ፣ ዝናብ ካላስገባ የሱ ስፌት ነው፤ ካስገባ የሌላ ሰው ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው። በየሠርጉ ሙሽራዋን ሳያይ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ፣ "ይቺ የኔ ናት፣ ያቺ የኔ አይደለችም" ይላል። በራሳችን ሠርግ እንኳ፣ ኒካህ ታስሮ ሰው ሁሉ ሲበላ፣ የድንኳኑ ጥግ ዘመመ ብሎ መዶሻ ይዞ ወጣ። ሙሽራው የት ሄደ ተብሎ ሲፈለግ ካስማ ሲመታ ተገኘ። ያን ቀን ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ይኸው ሠላሳ አራት ዓመታችን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወላሂ። ግን አንዲት የፍቅር ቃል ከአፉ አትወጣም። አንድ ጊዜ ገራዶ እህቴ ዘንድ አሥር ቀን ሰንብቼ ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ። ዛሬስ ናፈቅሽኝ ሊለኝ ነው ብዬ ቆምኩለት። "የበሩ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል" አለኝ። ልጃችንን ሰልዋን ወልጄ ሳል የያዘኝ ጊዜ ደግሞ፣ ነፋስ እንዳይነካኝ ብሎ መስኮቱን በመኪና ሸራ ደፈነው። ሁለት ወር ሙሉ ቀንና ሌሊቱ ሳይለይልኝ ታረስኩ። የማጠባው ልጅቱን ይሁን ትራሱን በዳበሳ ነበር የማውቀው።

ዘንድሮ ክረምት ወገቤ ተነሣብኝ። የደሴን ነሐሴ ታውቁት የለ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሳይጠራ ግቢ ይገባል። ሰልዋ ያገባችው ኮምቦልቻ ነው። "እማ፣ ውረጂ። ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ እዚህ እኮ በነጠላ ነው የሚታደረው" አለችኝ። እኔም ቆረጥኩ። መውሊድ ሳይደርስ ልወርድ፤ ልጠይቃት ሳይሆን ልኖር።

"አብረኸኝ ትወርዳለህ?" አልኩት ሀምዲንን።

"ኮምቦልቻ ይሞቃል።"

"እኮ፣ ስለሚሞቅ ነዋ!"

"ሱቁስ?" አለ።

"እንግዲያው ልቅር?" አልኩት። በግልጽ ነው የጠየቅሁት። "አትሂጂ" ቢለኝ እቀር ነበር፤ ወገቤ ይበጠስ እንጂ እቀር ነበር። እሱ ሆዬ መርፌውን እያየ "እንደ ፈቀድሽ" አለኝ። እንደ ፈቀድሽ! ያ ረቢ፣ እንዴት እንደ ነደድኩ! እዚያው ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ።

በሳምንቱ አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ ይዞ መጣ። ጎብኚዎችን ተራራና ቆላ የሚያዞር ሙንዚር የሚባል አስጎብኚ አለ፣ የሱ ነው። ሁለት ዛፍ መሀል የሚታሰር አልጋ፤ ሃሞክ ይሉታል። ይሄኛው ደግሞ ሁለት ሰው የሚይዝ ነው።

"ፈረንጆቹ ወገባችንን በረደን ብለው አስቸገሩት" አለኝ ሀምዲን። "የሚሞቅ አድርግልኝ ብሎኛል። ለመሞከር ሁለት ሰው ያስፈልጋል።"

"ሁለተኛው ማነው?"

"ቤት ውስጥ ማን አለ?" አለኝ።

የዐስር ሶላት ሰግደን ጓሮ ወጣን። ከሁለቱ ባሕር ዛፎች መሀል አስሮታል፣ ለካፊያው ደግሞ ከላይ ሸራ ወጥሯል። መጀመሪያ እሱ ገባ። ቀጥዬ እኔ መቀመጫዬን አሳረፍኩና እግሬን አነሣሁ። ጨርቁ መሀሉ ላይ ረገበ። እኔ ሰማንያ ኪሎ ነኝ፣ እሱ አምሳ አምስት፤ ማን ማን ላይ እንደሚወድቅ አስቡት።

"ጎኔን! ጎኔን!" አለ ከሥሬ።

"ዝም በል፣ ሰው ይሰማል!"

ሰው ሰምቷል። ጎረቤቴ ከድጃ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ "ዐሊማ! ምነው፣ ጫጉላ ወጣችሁ እንዴ?" አለችኝ።

"ሥራ ነው!" አልኳት።

"ኧረ እንዲህ ያለ ሥራ ለኔም ፈልጉልኝ" ብላ እየሳቀች ገባች። እስከ መግሪብ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

እውነትም ያ ነገር ይበርዳል። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን እንኳ ከታች ወገባችን በረዶ ሆነ። ሀምዲን በማግስቱ ጥጥ ሞልቶ እንደ ፍራሽ ሰፋው። ተኛንበት፤ ጥጡ ከሥራችን ተጨፍልቆ ቂጣ አከለ፣ ብርዱም እንዳለ ነው። ቀጥሎ አጎዛ አነጠፈ። አጎዛው እየተንሸራተተ እግራችን ሥር ተሰበሰበ፣ እግሬ ሲያልበው ወገቤ ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ስፖንጅ ፍራሽ አስገባ። ስፖንጁ አልታጠፍም ብሎ ተገተረና ሁለታችንንም ገልብጦ ጭቃ ላይ ጣለን። እኔ በግንባሬ ተደፍቼ ሳለሁ ሀምዲን ዘሎ ተነሥቶ ጨርቁን ይዳብሳል።

"ስፌቱ አልተተረተረም" አለ ደስ ብሎት።

"እኔ ተተርትሬያለሁ! ሰው አይደለሁም?"

"ነገ በሌላ እንሞክራለን።"

ሰልዋ በየቀኑ ትደውላለች። "እማ፣ መቼ ነው?" "ቆይ፣ የሰው ሥራ ጀምረን" እላታለሁ። ለሙንዚር ነበር ያዘንኩት። እንግዳ ይዞ በእንግዳው ፊት የሚያፍር ልጅ አሳዘነኝ፣ ሞኟ እኔ! አንድ ሳምንት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት። ሻንጣዬ ግማሽ ሞልቶ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ሀምዲን እየዘለለው ይገባል፣ እየዘለለው ይወጣል።

አንድ ቀን ተኝቼ እጄ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ነፋሱ በጨርቁ ሥር ሽው ሲል ተሰማኝ። ብድግ ስል ሀምዲን ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"አንተ ሰው! ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው። ከሥርህ የምታነጥፈውን ደግሞ አንተው ተኝተህ ትጨፈልቀዋለህ፣ የተጨፈለቀ ነገር ምን ሙቀት ይይዛል? ከውጭ አንጠልጥለው! ከጨርቁ ሥር፣ ሳንጫነው፣ ለቀቅ ብሎ!"

ሀምዲን አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ቤት ገብቶ የሠርጋችንን ባና አወጣ፤ ያንን ወፍራሙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። አራቱም ጥግ ላይ ማሰሪያ ሰፍቶ ከሃሞኩ በታች ሰቀለው፤ ነፋስ እንዳያልፍ ጠርዙን በገመድ ሰበሰበው። እርስ በርስ መጨፈላለቁ ቀርቶልን እኔ በአንድ ሰያፍ፣ እሱ በሌላው፣ ራስና እግር ሆነን ተጋደምን። ሱብሐነላህ! ጨርቁ ተዘረጋ፣ ወገቤ ቀና አለ፣ ከታች ሙቀቱ ቀስ እያለ መጣ።

"ሞቀሽ?" አለኝ።

"ሞቀኝ።"

"ወገብሽስ?"

"ወገቤም።"

እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ካፊያው ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ሀምዲን ሁለቱንም እግሮቼን በኮቱ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ታቅፏቸዋል። ክንዱ ደንዝዞ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ አቅቶታል፣ ግን አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ዐስር ላይ ሀምዲን ጓሮ ገመድ ሲያጠብቅ ሙንዚር በሩን አንኳኳ። እኔ ደግሞ በኩራት አብጬ ተቀበልኩት።

"ተጠናቀቀልህ! ከእንግዲህ ፈረንጆችህ ወገባቸውን አይበርዳቸውም።"

"የምን ብርድ፣ እትዬ ዐሊማ?"

"ሃሞኩ ነዋ!"

"እኔ እኮ ጫፉ ስለተቀደደ ጋሼ ሀምዲን እንዲሰፉልኝ ነው ያመጣሁት" አለኝ። "የምንተኛበት ከቢስቲማ በታች፣ ቆላው ላይ ነው። እንግዶቼ ሙቀቱን ጠልተው ሸሚዝ አውልቀው ነው የሚያድሩት፣ እንኳን ሊበርዳቸው! ለመውሰድ ሦስቴ ሱቅ ሄጄ 'ገና ነው' እያሉ መለሱኝ።"

 ሦስት ሳምንት! ጥጡ፣ አጎዛው፣ ጭቃው፣ የከድጃ ምላስ! ደሜ ፈላ። ከዚያ ደግሞ ያ "ወገብሽስ?" ያለኝ ድምፁ ትዝ አለኝ። ሙንዚርን እዚያው ትቼ ወደ ጓሮ በረርኩ።

"የሰልዋ አባት! ማነው ወገቡን የበረደው?"

ገመዱን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። ዓይኑ ከቋጠሮው አልነቀል አለ።

"ተናገር እንጂ!"

 ስልኬን አውጥቼ ሰልዋ ጋ ደወልኩና ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። "በል፣ ለልጅህ ንገራት። ነገ እወርዳለሁ ወይስ አልወርድም?"

"ሰልዋ... ደህና ነሽ?" አለ። "ልጆቹ ደህና ናቸው? ዝናብ አለ እዚያ?" ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ላቡ ቆቡን አራሰው። "እናትሽ... እናትሽ አትመጣም። ምግብና ልብስ አጥቼ አይደለም፣ ያንን ራሴም አውቅበታለሁ። የማጣው እሷን ነው። ያለሷ አልችልም። እንዳትሄድብኝ ፈርቼ ነው ይህን ሁሉ የሆንኩት።"

ስልኩን ነጥቄ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ትንሽ አዳመጥኩ።

"ኔትወርኩ ቆራርጦት አልሰማችም" አልኩት። "ጮክ ብለህ ድገመው።"

ምስኪን! ጉሮሮውን ጠረገ፣ እጁን አፉ ላይ እንደ ሙአዚን ከለለና ጓሮው መሀል ቆሞ "ያለ ዐሊማ አልችልም!" ብሎ ጮኸ። ከድጃ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፤ ሙንዚርም በሩ ጋ አንገቱን ደፋ።

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ሰልዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቃል በቃል ሰምታ ስቅስቅ ብላ ታለቅስ ነበር። ያስደገምኩት ለራሴ ነው።